እርማት፦ «ኳሷ ጋ ስትደርስ አንጓህን ገልብጥ»?

ሰሞኑን ለጎልፍ ጀማሪዎች የሚደጋገም ምክር አለ። «ዱላው ኳሷ ጋ ሲደርስ የእጅ አንጓህን በኃይል ገልብጥ፤ ርቀቱ የሚመጣው ከዚያ ነው» ይላል። በቅንነት እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ግን ልክ አይደለም።

ዱላው ከላይ ወርዶ ኳሷን እስኪመታ ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው። ንክኪው ራሱ ግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ይቆያል። በዚህ ፍጥነት «አሁን!» ብሎ አንጓን ማዘዝ የማይታሰብ ነው። ዱላው ሲነሳ የታጠፈው አንጓ የሚፈታው ሰውነት እየዞረ፣ እጆች እየወረዱ፣ የዱላው ጭንቅላት በራሱ ፍጥነት ወደ ውጭ ሲጎትት ነው። ሆን ብሎ የሚገለብጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይቀድማል። ከዚያ ወይ ከኳሷ በስተኋላ መሬት ይቆፍራል፣ ወይ አናቷን ይገጫታል።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ሳሩ ላይ በኖራ መስመር አስምሩ። ኳስ ሳታስቀምጡ፣ መስመሩን በሁለት እግራችሁ መሃል አድርጋችሁ በቁጥር 7 አይረን (ለመካከለኛ ርቀት በሚያገለግለው ባለ ብረት ጭንቅላት ዱላ) ምቱ። የተላጠው ሳር ከመስመሩ ጀምሮ ወደ ዒላማው ከሄደ ጥሩ ነው። ከመስመሩ ኋላ ከጀመረ አንጓው ቀድሞ ተፈቷል፤ ወይም ክብደታችሁ የኋላ እግር ላይ ቀርቷል (ሁለቱ አብረው መምጣት ይወዳሉ)። ለድራይቨር (ለሩቅ ምት ለሚያገለግለው ረጅሙ ዱላ) ግን ይህ ሙከራ አይሆንም፤ እሱ ኳሷን ከቲ (ኳሷ ከምትቀመጥበት ትንሽ ችካል) ላይ ስለሚያነሳ ሳር መላጥ የለበትም።