ለፓሲፋየር ዛፍ አለ፣ ለጣትስ?

እኛ ጋ ልጅ ጣቱን ከጠባ መላው ከጓዳ አይጠፋም፣ እሬት ወይ በርበሬ ቀባ ቀባ ነው። እሬቱስ እሺ ጡትም ሲያስጥሉ ያው ነው፣ በርበሬው ግን ጭካኔ ነው፣ በዛው ጣት አይኑን ቢያሽስ? ከሁሉም የሚብሰው ደሞ የዘመድ አዝማዱ ፌዝ ነው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄ ጎረምሳ ዛሬም ይጠባል?» ሲባል ልጁ አፍሮ ሶፋ ጀርባ ይገባና እዛም ቁጭ ብሎ ይጠባል።

ዴንማርክ፣ ኮፐንሃገን ፍሬድሪክስበርግ መናፈሻ ውስጥ ደሞ የፓሲፋየር (ህፃን አፉ ላይ ሰክቶ የሚጠባው የፕላስቲክ ጡጦ ጫፍ) ዛፍ አለላችሁ። በየቀለሙ ሪባን የታሰረ ፓሲፋየር ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥሎበት ሳይ አድባር ነው እንዴ ብያለሁ። ፓሲፋየሩን ሊተው ሲል ልጁ ራሱ ወስዶ ይሰቅልና ቻው ብሎት ይሄዳል፣ ማንም አይስቅበትም። ይሄን ወድጄላቸዋለሁ።

አበሻ ሲሰበሰብ «ፈረንጅ እናት ስራ ስለምትሮጥ ልጇን በፕላስቲክ ዝም ታሰኛለች» ይባላል። አሜሪካ ከሆነ እሺ፣ የፌደራሉ ህግ የሚሰጠው የወሊድ ፈቃድ 12 ሳምንት ያውም ያለ ክፍያ ነው። እኔ ያለሁበት ስዊድን ግን ለአንድ ልጅ 480 ቀን የወላጅ ፈቃድ አለ፣ ህፃኑ ግን ፓሲፋየር አፉ ላይ ሰክቶ ነው የሚውለው። እኛ ጋ ባለቀሰ ቁጥር ጡት ይሰጠዋል፣ ይታዘላል፣ እሹሩሩ ይባላል፣ እናቱ ጉያ ይተኛል፣ እዚህ ለብቻው አልጋ ነው ያለው፣ አፉ ምን ያድርግ? ደሞ ስንፍና ብቻ አይደለም፣ የአሜሪካ የህፃናት ሀኪሞች አካዳሚ ራሱ ጡት መጥባቱ ከተደላደለ በኋላ ሲተኛ ስጡት ይላል፣ እንቅልፍ ላይ ድንገት የሚመጣውን የህፃናት ሞት ስለሚቀንስ።

ችግሩ ጣት ነው፣ እሱን የት ትሰቅለዋለህ? እዚህም ፋርማሲ መራራ የጥፍር ቀለም ይሸጣል፣ በጠርሙስ የገባ እሬት በሉት። አብዛኛው ልጅ ከ2 እስከ 4 አመት ባለው ግዜ በራሱ ይተወዋል፣ ከዛ ካለፈ ነው የላይ ጥርስ ወደፊት የሚገፋው፣ ሲነክስም የፊት ጥርሶቹ አይገጥሙም። እስከዛ መቼ እንደሚጠባ ማየት ነው፣ ሲደክመው ነው ወይስ ቲቪ ላይ ሲያፈጥ? እጁ የሚይዘው ነገር ስጡት፣ ሳይጠባ ካመሸ አመስግኑት፣ ታናሽ በተወለደበት ሰሞን ግን ማስጣሉን አትጀምሩት። አያትየው ከአዲሳባ ልትመጣ ከሆነም ቀድማችሁ ደውሉላት፣ እሬቷን ሻንጣ ሳትከት።