ሰበር ይጥበብ ወይስ አይጥበብ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተረታ። ይግባኝ አለ፣ ይግባኝ ሰሚውም ያንኑ ፍርድ አጸናበት። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሰበር ነው። ሰበር ላይ ማን ዋሸ፣ የማን ምስክር ይታመናል የሚል ነገር የለም፤ የሚጠየቀው መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ወይ ብቻ ነው። በተለይ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በር ካለውም በላይ ይጥበብ ወይ? ይጥበብ የሚሉት በዳኝነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አይጥበብ የምትለው ወጣት ጠበቃ ናት።

ይጥበብ ባይ፦ እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ሙግት ማለቂያ ይኑረው። እኛ አገር ተረትቶ አርፎ የሚቀመጥ ሰው የለም። ገና መጥሪያው እጁ ሳይገባ "እስከ ሰበር እሄዳለሁ" ይላል። ድሮም ንጉሡ ራሱ እስከሚያስችልበት ዙፋን ችሎት ድረስ አቤት ስንል የኖርን ሕዝብ ነን። ደርግ ዙፋኑን ገለበጠው፣ አመሉ ግን እኛው ጋ ቀረ።

እስቲ በረታው ሰው ቦታ ሆናችሁ እዩት። ሱቁን ያከራየ ሰው አለ እንበል። ተከራዩ አልከፍልም፣ አልለቅምም አለው። ከሰሰ፣ ረታ። ተከራዩ ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አለው፤ ሃምሳ ምናምነኛው ቀን ላይ ይግባኙን ከዕግድ ጥያቄ ጋር፣ ማለትም ፍርዱ ለጊዜው አይፈጸም ከሚል ጥያቄ ጋር ያስገባል። ፍርዱ ጸና። አሁን ደግሞ ለሰበር 90 ቀን አለ። እንደገና ዕግድ። ባለሱቁ ማኅተም ያረፈበት የውሳኔ ግልባጭ በፌስታል ይዞ ይዞራል፣ ተከራዩ እዚያው ሱቅ ውስጥ ስኳር እየመዘነ ይሸጣል። ሰበርም ሲዘጋበት "የሕገ መንግሥት ትርጉም ያስፈልገዋል" ብሎ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ፌዴሬሽን ምክር ቤት አለ። ታዲያ ይሄ ሰውዬ ረታ ነው የሚባለው?

አይጥበብ ባይ፦ ጋሼ፣ ለባለሱቁ እኔም አዝኜለታለሁ። ግን ያስቸገረው ዕግድ ነው እንጂ ሰበር አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 332 ይግባኝ ስለቀረበ ብቻ አፈጻጸም አይቆምም ይላል። የሚያቆመው የዳኛ ትእዛዝ ነው። ዳኛው ተከራዩን "ኪራዩን በየወሩ ፍርድ ቤት አስቀምጥ፣ ዋስትና አምጣ" ቢለው ጨዋታው እዚያው ያልቅ ነበር። ዕግድ እንደ ቡና ቁርስ እየታደለ ጥፋቱን ሰበር ላይ ማላከክ ልክ አይደለም።

ደግሞስ በሩ መች ተከፍቶ ያውቃል? መጀመሪያ አጣሪው ችሎት አለ። ሦስት ዳኞች አቤቱታውን አይተው "ያስቀርባል"፣ ማለት ጉዳዩ ይታይ፣ ካላሉ ተጠሪው፣ ያ የረታው ወገን፣ እንኳን አይጠራም። "ያስቀርባል" ከተባለ በኋላ ነው አምስት ዳኛ ፊት የሚደረሰው።

አሁን ይህን በር ካጠበብነው ምን እንደምናጣ ልንገርዎት። የሰበር መዝገብ ቁጥር 23632ን መቼም ያስታውሱታል። አክስት ያሳደገችውን ልጅ አባት ልረከብ ብሎ የመጣበት፣ በ2000 ዓ.ም. የተወሰነው። ጉዳዩ በደቡብ ክልል ፍርድ ቤቶች አልፎ ለአባት ተፈርዶ ነበር። ሕጉ ወላጅ ይላል፣ አባት አለ፣ አለቀ። ሰበር ችሎቱ ግን ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን አንሥቶ ቀድሞ የሚታየው የልጁ ጥቅም ነው አለና ፍርዱን ሻረው። ዛሬ የአሳዳጊነት ክርክር ይዞ ያንን መዝገብ የማይጠቅስ ጠበቃ አላውቅም። የቤተሰብ ጉዳይ የክልል ነው ተብሎ በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮስ?

ይጥበብ ባይ፦ ጥሩ መዝገብ መረጥሽ። ግን አንድ ጥሩ መዝገብ ይዞ ለሺሁ ጥብቅና መቆም የጠበቃ ዘዴ ነው፣ አውቀዋለሁ።

የክልሉን ነገር ካነሳሽ አይቀር ልመልስልሽ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80(3)(ለ) በክልል ጉዳይ ላይ የሰበር ሥልጣን ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰጥቷል። በክልል ሕግ የተነሣ ክርክር በክልሉ ሰበር ታይቶ ካበቃ በኋላ አዲስ አበባ ድረስ የሚመጣበት ምን ምክንያት አለ? አዋጅ 1234/2013 በመጨረሻ ልክ ያስገባው እሱን ነው። የክልል ጉዳይ መጀመሪያ በክልሉ ሰበር ይለቅ፤ ወደ ፌዴራል የሚመጣው የሕግ ስህተቱ ላይ አገር አቀፍ የሕዝብ ጥቅም ሲጨመርበት ነው። እኔ እንደውም ይሄ መስፈርት ለፌዴራል ጉዳዮችም ይሁን ባይ ነኝ። ያንቺ የልጅ ጉዳይ ዛሬ ቢመጣ በዚህም መስፈርት ያልፋል። የማያልፈው የሁለት ጎረቤት የአጥር ጠብ ነው።

ሌላም አለ፣ ዋናውም እሱ ነው። ከአዋጅ 454/1997 ወዲህ ሰበር የሚሰጠው የሕግ ትርጉም አገር ምድሩን ያስራል። አንድ ወረዳ ያለ ዳኛ ጠረጴዛው ላይ ሕጉም አለ፣ የሰበር ውሳኔዎች የታተሙባቸው ቅጾችም አሉ። ስለዚህ እዚያ የሚጻፈው እያንዳንዱ መስመር ሕግ የማውጣት ያህል ነው። ይህንን የሚያህል ሥልጣን የያዘ ችሎት በየቀኑ የአጥርና የደሞዝ መዝገብ ተቆልሎበት ረጋ ብሎ አስቦ ሊጽፍ ይችላል? የቤት ሽያጩን ነገር አስታውሺ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723። በመዝገብ 21448 ላይ ውሉ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት ካልተደረገ አይጸናም ተባለ። ሕዝቡ በመንደር ውል ቤት ሲገዛ የኖረ ነው። ስንቱ ሻጭ ቤት ሲወደድ ተመልሶ "ውሉ አልተመዘገበም" እያለ መጣ! ቆይቶ ደግሞ ሻጩ ሽያጩን ካመነ ሌላ ነው የሚል መጣ። እንዲህ ዓይነቱ ወዲያ ወዲህ የሚመጣው ከጥድፊያ ነው። ትርጉም ለመለወጥ ሰባት ዳኛ ይሰየም የተባለው ለምን ይመስልሻል?

አይጥበብ ባይ፦ ትርጉሙ መለወጡን እንደ ነውር አቀረቡት። እኔ ደግሞ ደግ ነው እላለሁ። የ1723 ትርጉም የተለዘበው ሌላ ገዢ ሌላ መዝገብ ይዞ እዚያው በር ላይ ስለቆመ ነው። እርስዎ እንደሚሉት ጠቦ ቢሆን ኖሮ ያ ሁለተኛው ሰው "ይህ ነገር አንዴ ተወስኗል" ተብሎ ይመለስ ነበር።

"አገር አቀፍ ጥቅም" የሚለው መስፈርትም ያስፈራኛል፣ እውነቴን ነው። የልጁ ጉዳይ ያልፋል ያሉት ዛሬ ውጤቱን ስለምናውቅ ነው። በዚያን ጊዜ ግን አንዲት አክስት፣ አንድ አባት፣ አንድ ልጅ ነበሩ፣ በቃ። በር ላይ ያለ ሰው አይቶት "ይሄማ የቤተሰብ ጠብ ነው" ቢል ማን ይፈርድበታል? ትልቅ ጉዳይ እኮ ግንባሩ ላይ ተጽፎበት አይመጣም። አንቀጽ 80(3)(ሀ) ደግሞ "ማናቸውንም የመጨረሻ ውሳኔ" ነው የሚለው፤ ትልቅ ትንሽ ብሎ አልለየም።

አባቶቻችን "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" ያሉት ለዚህ ነው።

ይጥበብ ባይ፦ በቅሎዋማ ቀጠሮ ስትጠብቅ ሞተች፣ ልጄ።

እንግዲህ ልንገርሽ። ዳኛ ሁሉ ይሳሳታል፣ የሰበሩም ዳኛ ይሳሳታል። ከላዩ ሌላ ብታስቀምጪ እሱም ይሳሳታል። አንድ ቦታ ላይ "በቃ" ካልተባለ ልክ የሆነው ፍርድም ዋጋ ያጣል። ሐሰተኛ ሰነድ ወይም ጉቦ ተገኘ ከተባለ ፍርዱን እንደገና የሚያስመረምር የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 6 ለብቻው አለ፣ እሱን ማንም አልነካውም። እኔ የምዘጋው "አልተዋጠልኝም" እያለ የሚመጣውን ነው። ከአቤቱታዎቹ ብዙዎቹን አንብቢያቸው እስቲ፤ "መሠረታዊ የሕግ ስህተት" የሚል ርእስ ተደርጎላቸው ከሥር ያለው የምስክር ቃል ነው። አንዳንዱን የጻፋችሁት እናንተው ናችሁ።

አይጥበብ ባይ፦ እሱን አልክድም። ደንበኛ ሲያለቅስ "አያዋጣም" ማለት የሚከብደው ጠበቃ ሞልቷል፤ ክፍያውም አለ። ግን እስቲ የሚመለስልንን መልስ ይዩልኝ። በአብዛኛው ሁለት ሦስት መስመር ነው። "መሠረታዊ የሕግ ስህተት የተፈጸመበት ሆኖ አላገኘነውም። መዝገቡ ተዘግቷል።" ይኸው ነው። በሩን ከማጥበብ በፊት "አያስቀርብም" ሲባል ለምን እንደሆነ ይጻፍልን።

ይጥበብ ባይ፦ ለእያንዳንዱ ሐተታ ይጻፍ ካልሽማ ሰበሩ እዚያው ቆመ ማለት ነው። አንድ አንቀጽ ካልሽ ግን እስማማለሁ።

አይጥበብ ባይ፦ አንድ አንቀጽ ይበቃኛል። የትኛው ነጥብ ለምን እንደወደቀ ብቻ ይለይ። ሦስት ነጥብ አቅርቤ "ስህተት የለም" ብቻ ከተባልኩ፣ ነገ ሌላ ሰው ያንኑ ጥያቄ ይዞ ቢሮዬ ሲመጣ "አትልፋ፣ ይሄ ተብሏል" ብዬ የማሳየው ወረቀት የለኝም። ስለዚህ አቤቱታውን እጽፍለታለሁ። እርስዎ የመዝገብ ቁልል ይቀንስ ካሉ፣ ከዚያች አንድ አንቀጽ ይጀመር።