ማማ ላይ የተመረቁ ሊቃውንት

ስለ አጋዘን የሚያውቅ ሰው የቸገረው ካለ ዩኒቨርሲቲ ድረስ አይድከም። አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ይሂድ። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ከ72ቱ ካውንቲዎች በአንዱ የአጋዘን አማካሪ ምክር ቤት ሲሰበሰብ ጎራ ይበል። መግቢያው ነጻ ነው። እውቀቱ ደግሞ ይፈሳል።

ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። በመጪው ኅዳር ስንት ሴት አጋዘን ይታደን? ምክር ቤቱ ውስጥ የገበሬው ተወካይ አለ፣ የደኑ አለ፣ የቱሪዝሙ አለ፣ የመንገዱ ሳይቀር አለ። መጀመሪያ ከሦስት አንዱን ይመርጣሉ፤ መንጋው ይብዛ፣ ባለበት ይቆይ ወይም ይቀንስ። ከዚያ የሴቶቹ ኮታ ይቆረጣል። የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ባለሙያም ወረቀቱን ታቅፎ ይመጣል። ምስኪን።

ምስኪን ያልኩት ወድጄ አይደለም። ሰውየው ዓመቱን ሙሉ ሲደምር ሲያባዛ የከረመ ነው። ስንት ታደነ፣ ስንቱ ወንድ ስንቱ ሴት ነበር፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ በበጋ ስንት እናት ስንት ግልገል አስከትላ ታየች። ይህን ሁሉ ለፍቶ ለፍቶ፣ በግዛቱ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ አጋዘን አለ ይላል።

ከኋላ ወንበር ብርቱካንማ ኮፍያ ያደረገ አዳኝ ይነሳል።

«እኔ ቅዳሜን ሙሉ ማማዬ ላይ ዋልኩ። አንድም አላየሁም።»

አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል። በቃ፣ አለቀ። ያ ሁሉ ሚሊዮን በአንድ ትንፋሽ ድራሹ ጠፋ።

ይህን የቆጠራ ዘዴ ሳላደንቅ አላልፍም። ወጪ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ዛፍ ላይ የታሰረች መቀመጫ፣ አንድ ፔርሙዝ ቡና፣ እና በየዓመቱ እዚያችው ዛፍ ላይ መውጣት ብቻ ነው። እርግጥ በሃያ ዓመት ውስጥ በዛፉ ዙሪያ የነበረው ቁጥቋጦ አድጎ ትልቅ ደን ሆኗል። አጋዘኖቹም የሚቀነጥቡት ለጋ ቅጠል ወዳለበት ሄደው ይሆናል። ይሂዱ! ሊቅ ቦታውን አይለቅም። ወይ ፍንክች! መምጣት ያለባት አጋዘኗ ናት። ደግሞ «ስልክህን እየነካካህ አልፋህ እንዳይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ አዳራሹ ውስጥ የለም።

የሊቃውንቱ ዋና አስተምህሮ ግን ሴቷ አትነካ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ታሪክም ያግዛቸዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ያለ ገደብ ሲታደን የኖረው አጋዘን ከብዙ የአሜሪካ ክፍል ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። ያኔ ሕግ ወጣ፤ ቀንድ የሌላት አትተኮስም ተባለ። መንጋው አገገመ። አያት ለአባት፣ አባት ለልጅ አስተማረ። ግሩም ትምህርት ነበር፤ ጉድለቱ የሚያበቃበት ቀን አለመጻፉ ብቻ ነው። አንድ ወንድ ለብዙ ሴቶች ይበቃል። ጠግባ የበላች ሴት በየዓመቱ መንታ ትጥላለች። ታዲያ ወንድ ወንዱን እየለቀሙ መንጋ መቀነስ ከየት ይመጣል? ለነገሩ ሂሳብ ማን ጠየቀ።

አልዶ ሊዮፖልድ ጠይቆ ነበር። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የዱር እንስሳት አያያዝ ፕሮፌሰር፣ ዛሬ በተፈጥሮ ጥበቃ ዓለም ስሙ ሲነሳ ሁሉም ባርኔጣውን የሚያነሳለት ሰው ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የሰሜኑ አጋዘን ከመብዛቱ የተነሳ ችግኙን ግጦ ጨርሶ፣ የበረዶው ክረምት ሲመጣ በረሃብ ይረግፍ ነበር። ሊዮፖልድ ሴቷም ትታደን አለ። በ1943 ተፈቀደ። በዚያ ወቅት ከ120 ሺህ በላይ አጋዘን ተገደለ። ሊቃውንቱ ዘመቻውን «የ43ቱ ወንጀል» ብለው ሰየሙት፤ ሰውየውንም በጋዜጣ ሲያብጠለጥሉት ከረሙ። በረሃብ ያለቀው አጋዘን ግን ማንንም አላስወቀሰም። እሱ የሚሞተው አደኑ አብቅቶ ሰው ሁሉ ማማውን ጥሎ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ያልታየ ደግሞ አይቆጠርም።

መሥሪያ ቤቱ አልማር ብሎ በ1996 ሌላ ተንኮል አመጣ። መንጋው ከልክ ባለፈባቸው አካባቢዎች መጀመሪያ ሴት ግደል፣ ከዚያ ወንድ የመግደል መብት ታገኛለህ አለ። እስቲ ይታያችሁ። ሰውየው በጋውን ሙሉ በካሜራ ሲከታተለው የከረመው ቀንዳም፣ ጎህ ሲቀድ ፊት ለፊቱ ቆሟል። ከአፍንጫው እንፋሎት ይወጣል። የሰውየው ጣት ቃታው ላይ ነው፣ ልቡ ድው ድው ይላል። ኪሱ ውስጥ ግን ሴት ለመግደሉ ማስረጃ የለም። ቀንዳሙ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየውና፣ እንደ ደጃዝማች እየተንጎማለለ ጫካው ውስጥ ገባ።

ይህ ግፍ ነው። በእኛም አገር ቢሆን ዘራፍ የሚባለው ለአንበሳና ለዝሆን ነበር፤ ሴት ድኩላ ጥሎ የፎከረ ጀግና አልሰማንም። ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቀንድ ለሌላት ፍጥረት ጥይት ማባከን ምን ይባላል? ደንቡስ ሠርቷል ወይ ካላችሁ፣ ሠርቷል። የሚገደለው ሴት ጨመረ። ጥፋቱም እሱው ነበር። በ2011 ሕግ አውጪዎቹ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ እንዳይሞክረው በሕግ ከለከሉት።

በዚያው ዓመት አገረ ገዢው ስኮት ዎከር ከቴክሳስ ጄምስ ክሮል የተባሉ የአጋዘን ባለሙያ አስመጡ። ባለሙያው በ2012 ሪፖርታቸውን ሲያቀርቡ ሕዝቡ ይበልጥ ይሰማ አሉ። ይኸው ምክር ቤቶቹ ከተቋቋሙበት ከ2014 ጀምሮ እየተሰማ ነው። ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ ከከባድ ክረምት በኋላ፣ ከሰሜን ካውንቲዎች ብዙዎቹ የሴት ኮታቸው ዜሮ ሆነ።

ደቡቡ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በቆሎ አለ፣ አኩሪ አተር አለ፣ አጋዘኑም ይተራመሳል። በ2002 የተገኘው፣ አንጎል የሚያጠቃና እንስሳውን አመንምኖ የሚገድል በሽታም አለ፤ ክትባትም መድኃኒትም የለውም። በመኪና የሚገጨውን ካነሳን፣ በግዛቱ በዓመት ከ15 ሺህ በላይ ግጭት ይመዘገባል። እዚያ መሥሪያ ቤቱ ቸግሮት፣ ዋናውን የአደን ፈቃድ ለሚገዛ ሰው የሴቷን ፈቃድ በነጻ ይመርቅለታል። አዳኙም ተቀብሎ፣ አመስግኖ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። በየመሳቢያው ስንት ሴት አጋዘን በሰላም እንደሚኖር ባለሙያው ቢቆጥር ያዋጣው ነበር።

አጋዘኑ የት ሄደ ሲባል ግን ጥፋተኛው ቀድሞ ተይዟል፤ ተኩላ ነው። ክረምቱም፣ በሽታውም፣ አርጅቶ የተዘጋው ደንም ምስክር ሆነው አይቀርቡም። በየካቲት 2021 የተኩላ አደን ሲፈቀድ፣ ለአጠቃላይ አዳኞች የተመደበው ኮታ 119 ነበር። ሦስት ቀን ሳይሞላ 218 ተገደለ። ዘጠኝ ቀን ጫካ ተቀምጦ አንዲት ሴት አጋዘን ያላየ ዓይን፣ ተኩላ ላይ ሲሆን እንዴት እንደሚበራ እዩልኝ! በውሻ ነው የታደነው የሚል ምቀኛ አይጠፋም።

አንድ ሐሳብ ላዋጣ። እስካሁን ሕዝብ ድምፅ ያልሰጠበት ነገር ክረምቱ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቱ የክረምቱን ክብደት ለመለካት፣ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ፣ ቅዝቃዜው ዜሮ ፋራናይት ወይም ከዚያ በታች ለወረደበት ቀን አንድ ነጥብ፣ በረዶው 18 ኢንች ለደረሰበት ቀን ሌላ አንድ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ሲከመር ግልገሎቹ ያልቃሉ፤ የተረፈችውም እናት የምትወልደው ደካማ ነው። በሰሜን ይህ ከኮታው በላይ ይወስናል። ታዲያ ማን ተጠየቀ? ንቀት ነው! በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ይያዝለት፤ በረዶው ይብዛ፣ ባለበት ይቆይ ወይስ ይቀንስ? ሊቃውንቱ እጅ ያወጣሉ። ቴርሞሜትሩን ግን የመሥሪያ ቤቱ ሰው ይያዘው፤ በኋላ የሚሰደብ ሰው ያስፈልጋል።