ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ ኮዱ ግን አልመጣም

እሺ፣ ዛሬ ካልተናገርኩ አይወጣልኝም።

አንድ ወረቀት ላሳድስ ሄድኩ። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይቅር፣ የአንድ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። በሩ ላይ «ከእንግዲህ ወረቀት የለም፣ ሁሉም ነገር በስልክዎ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። አዳራሹ ምድር ቤት ነው፣ ሁለት ወለል ወደ ታች። ተራ ለመያዝ ግድግዳው ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ ስካን አደረግኩ፣ ስልክ ቁጥር አስገባ አለኝ፣ አስገባሁ፣ ማረጋገጫ በቴክስት ልከናል፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አስገባ አለኝ፣ ከዚያ በኋላ ስልኬ ላይ ማፍጠጥ ሆነ ሥራዬ።

ስልኬ ላይ የኔትወርኩ አራቱም መስመር ሙሉ ነው። ኮዱ የለም።

ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ። ግማሽ ላይ ስደርስ ቲንግ አለ። ተመልሼ ስወርድ ገጹ «ጊዜዎ አልፏል» ይላል። እንደገና ጠየቅኩ። አሁን ደግሞ ሁለት ኮድ ተከታትሎ መጣ፣ የቱ የአሁኑ እንደሆነ እሱ ይወቀው። ሦስተኛ ስሞክር «ብዙ ጊዜ ሞክረዋል፣ ቆይተው ይመለሱ» ብሎ ቆለፈብኝ። ጭራሽ ጥፋተኛው እኔ ሆንኩ!

ይሄን ሁሉ ሲያይ የነበረ የጥበቃ ሠራተኛ ጠጋ ብሎ «እዛች ምሰሶ ጋ ይቁሙ፣ እሷ ጋ ይይዛል። ብቻ ፊትዎን ወደ ግድግዳው እንዳያዞሩ» አለኝ። ቆምኩ። ያዘ! ሰውዬው መለኪያ የለውም፣ ሶፍትዌር የለውም፣ ግን የአዳራሹን የኔትወርክ ካርታ በቃሉ ያውቀዋል። እዚያ ሕንፃ ውስጥ የኔትወርክ ጥናቱን በትክክል የሠራው እሱ ብቻ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ስለዚያች አራት መስመር ልናገር። ብዙ ሰው የምታታልለው እሷ ናትና። መስመሯን ሁሉም ስልክ የሚያሰላበት አንድ ሕግ የለም። እያንዳንዱ አምራች በራሱ ቀመር ነው የሚስላት። በ2010 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) አፕል ራሱ የአይፎን 4 መስመሮች የሚሰሉበት ቀመር የተሳሳተ እንደነበር፣ ስልኩ ከሚገባው በላይ መስመር ያሳይ እንደነበር በይፋ አምኗል። ቀመሩ ትክክል ቢሆንም እንኳ መስመሯ የምትነግርህ ስልክህ ታወሩን ምን ያህል እንደሚሰማው ነው። ታወሩ አንተን ይሰማህ እንደሆነ አትነግርህም። ከአንተ ጋር ስንት ሰው ያንኑ ታወር እየተሻማ እንደሆነም አትነግርህም።

መስማትና መሰማት ደግሞ እኩል አይደሉም። የታወሩ ማሰራጫ በአሥሮች በሚቆጠር ዋት ነው የሚናገረው። የእጅ ስልክ ቢጮህ ቢጮህ ብዙውን ጊዜ 0.2 ዋት አካባቢ ነው። እሱ በድምፅ ማጉያ እየተናገረ አንተ ታንሾካሽካለህ፣ ያውም ከምድር ቤት፣ በኮንክሪትና በብረት ውስጥ አልፈህ። ስለዚህ ቪዲዮ ይከፈትልህና የመታወቂያህን ፎቶ መላክ ግን ያቅትሃል። የሕዝብ አገልግሎት ሲባል ደግሞ ዋናው ሥራ መላክ ነው፤ ፎቶ ጫን፣ ቅጽ ጫን፣ ፊርማ ጫን። ማስታወቂያ ላይ የሚፎከረው ግን ሁልጊዜ በማውረድ ፍጥነት ነው።

ደግሞ ስለ ፍጥነት ካነሳን፣ የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2017 ለ5ጂ ባወጣው መስፈርት ከፍተኛው የማውረድ ፍጥነት በሰከንድ 20 ጊጋቢት ነው። እዚያው ሰነድ ላይ ሰው በሚበዛበት ከተማ ተጠቃሚው በእጁ እንዲያገኘው የተባለው ግን 100 ሜጋቢት ነው። ሁለት መቶ እጥፍ ልዩነት! ሁለተኛው ቁጥር የሚለካው ደግሞ ዝቅተኛ ፍጥነት በሚደርሳቸው 5 በመቶ ተጠቃሚዎች ጠርዝ ላይ ነው። ማለትም መስፈርቱን ያወጡት ሰዎች የእኔን ቢጤ ምድር ቤት የተወረወረ ሰው አስበውታል። ፖስተር ላይ የሚወጣው ግን የመጀመሪያው ቁጥር ነው፣ ፖስተሩን አይቶ የሚወስን ኃላፊም አይጠፋም።

የኔትወርክ ጥናት አልተሠራም አልልም። ተሠርቷል። ችግሩ ጥናቱ ብዙ ጊዜ በመኪና መሠራቱ ነው። መለኪያውን መኪና ላይ ጭነው መንገድ ለመንገድ ይዞራሉ፣ ካርታው አረንጓዴ ይሆናል፣ ሪፖርቱ ይዘጋል። መኪናው ግን አዳራሽ ገብቶ ወረፋ አይጠብቅም። ሞገዱ ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ሲሆን ግድግዳ ማለፍ ይበልጥ ይከብደዋል፤ 700 ሜጋኸርትዝ የሚያልፈውን 3.5 ጊጋኸርትዝ ያነክስበታል። ሙቀት እንዳይወጣ ስስ ብረት የተቀባ ዘመናዊ መስታወትማ ራሱን የቻለ ግድግዳ ነው። ሕንፃው ባማረ ቁጥር ስልኩ ይደነቁራል። መንገዱ ላይ አረንጓዴ የሆነው ካርታ እኔ ከቆምኩበት ሁለት ወለል በላይ ነው።

አሁን በጣም ወዳናደደኝ ልምጣ። ምሰሶዋን ተደግፌ ስጠብቅ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። አግነር ክራሩፕ ኧርላንግ። ዴንማርካዊ የሒሳብ ሰው ነው፣ ኮፐንሃገን ውስጥ ስልክ ኩባንያ ይሠራ ነበር። በ1909 የስልክ ጥሪዎች እንዴት እንደሚመጡ በሒሳብ አሳየ፣ በ1917 ደግሞ ደዋይ እንዳይጉላላ ስንት የስልክ መስመር እንደሚያስፈልግ የሚያሰላ ቀመር አወጣ። የወረፋ ሳይንስ የሚባለው የተወለደው ከዚያ ነው። በዚያው ሳይንስ ዛሬ ስልክም ይታቀዳል፣ የአገልግሎት መስኮትም ይታቀዳል። አንድ መስኮት አለ እንበል፣ ሰውም እንደ ዕድሉ ይመጣል፣ ጉዳዩ የሚፈጀው ጊዜም እንደ ዕድሉ ነው። መስኮቱ ግማሹን ጊዜ ብቻ ሥራ ከያዘ፣ የሚስተናገደውን ጨምሮ በአማካይ አንድ ሰው ይኖራል። 80 በመቶ ሲይዝ አራት። 90 በመቶ ሲይዝ ዘጠኝ። 95 ሲደርስ አሥራ ዘጠኝ! «ሠራተኞቻችን ለደቂቃ ሥራ አይፈቱም» ብሎ የሚኮራ አለቃ ሲያጋጥማችሁ ወንበር ፈልጋችሁ ተቀመጡ።

የአየሩ ወረፋም ያው ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያለን ሰዎች ሁለት ወረፋ ላይ ነን፣ አንዱ ይታያል፣ ሌላው አይታይም። የሚታየው ሲረዝም ብዙ ስልክ አንድ ቦታ ይከማቻል። ስልኩ ሲከማች ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ይቀንሳል። ሲቀንስ ቅጹ አይሄድም፣ ቅጹ ሳይሄድ ሰውዬው ከመስኮቱ አይነሳም፣ ስለዚህ የሚታየው ወረፋ ይረዝማል። ይሄ ክብ ነው። የመስኮት ቁጥር ያሰላው ክፍል «ኔትወርክ ይኖራል» ብሎ አስልቷል። ኔትወርኩን ያሰላው ክፍል ደግሞ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ በአንድ ረፋድ ይሄን ሁሉ ሰው እንደሚያስገቡበት አልተነገረውም። የሕዝብ ቆጠራ ቢያይ እንኳ፣ ቆጠራው ሰው የሚኖርበትን ነው የሚመዘግበው። ረፋድ ላይ ሰው ቤቱ የለም፣ ምድር ቤት ነው።

ጥቂት ጣቢያ ይዞ ብዙ ሰው መሸፈን የሚለው ስሌት ራሱ እኮ የጋራ ነው። ቸርችና ሬቬል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1974 የጻፉት የሽፋን ሞዴል የእሳት አደጋ ጣቢያ ለማስቀመጥም ያገለግላል፣ አንቴና ለማስቀመጥም ያገለግላል። ሒሳቡ አንድ ነው፣ ካርታው ሁለት ነው፤ አንዱ የአገልግሎቱ፣ አንዱ የኔትወርኩ። ሁለቱን ካርታ አንድ ላይ አነባብሮ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያየ ሰው ግን ጠፋ።

«ነፃ ዋይፋይ አለን» አሉኝ ደግሞ። አለ፣ አንድ ጥግ ላይ፣ አንድ ሳጥን። ዋይፋይ ላይ አንድ ቻናል፣ ማለትም አንድ የሞገድ መንገድ፣ የያዙ ሁሉ ተራ በተራ ነው የሚናገሩት። በ2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ እርስ በርስ የማይረባበሹ ቻናሎች ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው፣ 1፣ 6 እና 11። ሳጥኑ የያዘው አንዱን ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ሳጥን! እሱም የይለፍ ቃሉን በቴክስት እልካለሁ ይላል። ወይ ጉድ።

ተአምር አልጠየቅኩም። አዳራሹ ውስጥ ትንንሽ አንቴና ይሰቀል። ገንዘብ የለም? እሺ፣ የኮዱን ዕድሜ ከሁለት ደቂቃ ወደ አሥር አድርጉት፣ ይሄ ምንም ወጪ የለውም። ቅጹ ሲቋረጥ የሞላሁትን ይያዝልኝ፣ ከስሜ አታስጀምሩኝ። ተራ ቁጥሩን ደግሞ በወረቀት ስጡኝ፣ ወረቀት ኔትወርክ አይፈልግም።

ለማንኛውም ፎቶዬ 97 በመቶ ላይ ሲደርስ የሥራ ሰዓት አለቀ። ስወጣ ጥበቃውን አመሰገንኩት። «ነገ በጊዜ ይምጡ» አለኝ፣ «ምሰሶዋ ጋ ወረፋ አለ።»