ያልተቆጠረ ቆጠራ

አርብ ማታ ከሥራ በኋላ አምስት ሆነን ቁጭ ብለን ነበር። ወሬው የተነሳው ከአንድ ፊርማ ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ወዳጃችን ጠረጴዛ ላይ የንብረት ቆጠራ ቅጽ ይመጣል። ቅጹ «ንብረቱ በአካል ተቆጥሮ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል» ይላል። የቆጠረ ሰው ግን የለም። አለቃው እስክሪብቶውን ሲያቀብለው ክዳኑን ከፍቶ ነው፤ አስቡት፣ ክዳኑን እንኳ እንዳይደክምበት። ወዳጃችን «ሕሊናዬ አልፈቀደልኝም» አለ። አለቃው አልተቆጣም። ወረቀቱን ይዞ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደ፣ እዚያ ያለው ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል ፈረመለት።

«ታዲያ ምን ተረፈ?» አለ ከመሃላችን በዕድሜ ትንሹ። «ወረቀቱ እንደሆነ ተፈርሟል። አንተ አለቃህ ጥርስ ውስጥ ገብተሃል። ሕሊናህ ማንን ጠቀመ?»

«እኔ ቢያንስ እንቅልፌን ተኝቻለሁ።»

«ልጁም ተኝቷል እኮ!»

ሳቅን። ሳቁ ግን ትንሽ ቆረቆረን መሰለኝ፣ ማንም ወሬውን አልቀየረም።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰውዬ አሉ፤ ጸሎተኛም አንባቢም ናቸው። «ሕሊና በሰው ልብ ውስጥ የተቀመጠ ምስክር ነው» አሉ። «ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ፣ ሕግ ያልተሰጣቸው ሰዎች እንኳ የሕጉ ሥራ በልባቸው እንደተጻፈ፣ ሕሊናቸውም እንደሚመሰክር ተናግሯል። ስለዚህ ጠቀመ አልጠቀመ ብለህ አትመዝነውም። ተናገረህ፣ ሰማኸው፣ አለቀ።»

ከመሃላችን ጠበቃ የሆነችው አላስጨረሰቻቸውም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምስክሩ በሐሰት ሲመሰክርስ? የናዚው ሹም አይሽማን እኮ እ.ኤ.አ. በ1961 ኢየሩሳሌም ላይ ሲዳኝ በፈላስፋው በካንት የሥነ ምግባር መርህ እንደኖረ ተናግሯል። አይሁዶችን በባቡር እያስጫነ ወደ ሞት የላከ ሰው! እሱን ውስጡ ምን እያለው ነበር?»

ጋሼ ለዚህም መልስ ነበራቸው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የሃይማኖት ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ ይህንኑ አንስቶት ነበር አሉ። ሕሊናው የተሳሳተበት ሰው እንኳ ሕሊናውን ጥሶ ቢሠራ ይበድላል፤ ሕሊናዬን ተከትያለሁ ስላለ ብቻ ደግሞ ንጹሕ አይሆንም፤ ማወቅ የሚገባውን ባለማወቁ ይጠየቃል።

«ጋሼ፣ ይሄማ ወጥመድ ነው» አለ ትንሹ። «ሰሙትም አልሰሙትም ተያዙ!»

«አዎ፣ ወጥመድ ነው» አሉ ጋሼ ሳይከፋቸው። «ቀላል ነው ያለህ ማን ነው?»

ከዚያ የፍራንዝ ዬገርሽቴተርን ነገር አወሩን። ኦስትሪያዊ ገበሬ ነው፤ ለሂትለር ጦር አልዋጋም አለ። የሃይማኖት አባቶቹ መከሩት፤ ጳጳሱ ሳይቀሩ፣ የቤተሰብ ኃላፊነት አለብህ፣ የጦርነቱን ጉዳይ የሚወስነው መንግሥት ነው አሉት። አልሰማም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1943 አንገቱ ተቀላ። እ.ኤ.አ. በ2007 ያቺው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ብፁዕ ብላ ሰየመችው። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ሒሳብ ሠራተኛው ግን «ሚስቱስ? ልጆቹስ?» አለ። ሚስቱና ሦስት ትንንሽ ሴቶች ልጆቹ ቀርተዋል። እኔ ጳጳሱን ብሆን ኖሮ ምናልባት ያንኑ ምክር እሰጥ ነበር ብዬ አሰብኩ፣ አፍሬ ግን አልተናገርኩም።

ጠበቃዋ እዚህ ላይ ለዘብ አለች። ለሰውየው ክብር አላት። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 18 የሐሳብን፣ የሕሊናንና የሃይማኖትን ነፃነት አብሮ የሚጠቅሰው እንዲህ ላለው ሰው ነው አለች። «ግን እኔ ሁሌ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው? እሱ በአንገቱ ከፈለ። አንድ ሹም ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ደሞዙን እየበላ፣ ሕሊናዬ አይፈቅድም ብሎ የሰውን ጉዳይ ሲመልስ የሚከፍለው ባለጉዳዩ ነው። እሱን ሕሊና አልለውም። ሥልጣን ነው።»

ይህን ወደድኩላት። ትንሹ ግን «ራሱን አጥፍቶ ሌላውንም የሚያጠፋ አክራሪም በራሱ ነው የሚከፍለው» ብሎ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር አፈረሰባት። እውነቱን ነው።

የሚገርመው፣ ሲያሾፍ ያመሸው እሱ ራሱ ነው ከሁላችንም የሚሻለውን ነገር ያመጣው። የዬል ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሚልግራም እ.ኤ.አ. በ1961 ስለጀመረው ሙከራ ነገረን። ተራ ሰዎችን ጠርቶ፣ ሌላ ክፍል ያለ ሰው መልስ በሳተ ቁጥር ማብሪያ እየተጫናችሁ በኤሌክትሪክ ቅጡት አላቸው። ማብሪያዎቹ ከ15 ቮልት ጀምረው እስከ 450 ይደርሳሉ። ኤሌክትሪኩ የውሸት ነው፣ እነሱ ግን አያውቁም። ግድግዳው ከወዲያ ሲደበደብ ይሰማሉ፤ አጠገባቸው የቆመው ሰው ረጋ ብሎ ቀጥሉ ይላቸዋል። ከ40ው 26ቱ እስከ መጨረሻው ሄዱ። ብዙዎቹ እያላባቸው፣ እየተንቀጠቀጡ ነው። ሕሊና አልነበራቸውም ማለት አይቻልም።

«ቀጥሎ ያለውን ስሙ» አለ። «ሰውየውን እዚያው ክፍል አምጥተው አጠገባቸው ሲያስቀምጡት እስከ መጨረሻ የሄዱት 16 ብቻ ሆኑ። እጁን ይዘው ራሳቸው ብረቱ ላይ እንዲጫኑት ሲጠየቁ 12። ሙከራው ያው ነው፣ ትእዛዙ ያው ነው፣ የቀረበው ሰውየው ብቻ ነው።»

እኔም እስከዚያ ዝም ብዬ ነበርና የሂዩ ቶምፕሰን ነገር ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1968 ቬትናም ውስጥ ማይ ላይ በምትባለው መንደር ላይ የሚበር የአሜሪካ ሄሊኮፕተር አብራሪ ነበር። የገዛ ወገኖቹ ሽማግሌና ሕፃን ሲገድሉ አየ። ሄሊኮፕተሩን በወታደሮቹና በሚሸሹት የመንደሩ ሰዎች መካከል አሳረፈ፤ ወገኖቻችን በእነዚህ ሰዎች ላይ ከተኮሱ እናንተም በወገኖቻችን ላይ ተኩሱ ብሎ የራሱን ባልደረቦች አዘዘ። ሰዎቹን አስጭኖ አወጣ። ለዓመታት እንደ ከሃዲ ያዩት ነበሩ፤ «የወታደር ሜዳሊያ» የሚባለውን የሰጡት በ1998 ነው፣ ከ30 ዓመት በኋላ። እኔን ሁሌ የሚይዘኝ ማሳረፉ ነው። ከላይ ሆኖ በሬዲዮ ነግሮ፣ የድርሻዬን ተወጥቻለሁ ብሎ ማለፍ ይችል ነበር።

ሒሳብ ሠራተኛው ይህን ሲሰማ ፈገግ አለ። «እኔ እኮ ጀግና ሆኜ አይደለም» አለ። ያን ቀን ጠዋት ለፎቶ ኮፒ ወረቀት ሊያመጣ መጋዘን ገብቶ ነበር። ከታች የተደረደረ ካርቶን መንገድ ዘጋበትና በእግሩ ገፋ አደረገው። ካርቶኑ ሸርተት አለ። ባዶ ነው። የሚቀጥለውንም ነካ፣ እሱም ባዶ። «ያንን ባልገፋ ኖሮ እፈርም ነበር» አለን። «ካለፈው ዓመት የፈረምኩት አለ።»

ጸጥ አልን። ጋሼም ምንም አላሉ።

እኔ የማስበው ይህ ነው። ጋሼ ሕሊና በሁሉም ሰው ውስጥ አለ ማለታቸውን እቀበላለሁ፤ ሳይጠሩት ይናገራል ማለታቸውን ግን አልቀበልም። የሚናገረው ስላየው ነገር ነው። ያ ስልኩን እያየ የፈረመው ልጅ ሕሊናውን አፍኖ አይደለም የፈረመው። ምንም አላሳየውም። ስለዚህ «ሕሊናዬ ንጹሕ ነው» ሲባል ደስ አይለኝም፤ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀትም ንጹሕ ነው። ጥፋቱ ከወንበሩ አለመነሳቱ ነው። ይሄ ደግሞ ለእኔም ይደርሳል፣ ቁጭ ብዬ ስንቱን ፈርሜያለሁ።

ወዳጃችንንም በጨዋታው መሃል አላሞገስኩትም። አለመፈረም የሥራው ግማሽ ነው። ከሁለት ካርቶን በላይ ባዶ መሆን አለመሆኑን ባያውቅም፣ ሁለቱን ያውቃል፤ ለኦዲተሩ መናገር አለበት። ስንለያይ በር ላይ ይህንኑ ነገርኩት። ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረና «እስቲ ሰኞ» አለኝ።

ሰኞ ነገ ነው።