ደጅ ጥናት እና ተርሚን

የምኖርባት ኮሎኝ ሁሉ ነገሯ በተርሚን ነው። ተርሚን ማለት ቀጠሮ ነው፤ ጀርመን ያለ ሐበሻ ግን ቀጠሮ አይልም። ሐኪም ጋ ተርሚን፣ የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ ተርሚን፣ ጓደኛ ቤት ቡና ለመጠጣት ተርሚን። ከ13 ዓመት በኋላ እኔም ሳላውቀው እንዲሁ ሆኛለሁ። ሳልደውል የሰው በር አላንኳኳም። ሳይደውል የሚያንኳኳ ሰው ሲመጣም ደንገጥ እላለሁ።

ቅዳሴያችንም ተርሚን አለው። የራሳችን ሕንፃ የለንም፤ የምንቀድሰው በኪራይ አዳራሽ ነው። እሑድ ጠዋት የተሰጠን የአራት ሰዓት ጊዜ ነው። አራቱ ሰዓት ሳይሞላ ምንጣፉ ተጠቅልሎ፣ ወለሉ ተጠርጎ፣ ወንበሩ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ስለዚህ ቅዳሴው ገና ሳይጋመስ የአንዳንዶቻችን ዓይን ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ጋር ነው። የእኔም ዓይን እዚያው ነው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ዕጣኑም አለ። ኮርኒሱ ላይ ጢስ ሲደርሰው የሚጮህ መሣሪያ ተገጥሟል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ እሑድ ጮኸብን። የእሳት አደጋ መኪና መጣ፣ ሕፃናት አለቀሱ፣ ቅዳሴው ተናጋ። ከዚያ ወዲህ ካህናችን ጽናውን፣ የዕጣን ማጠኛውን፣ የሚይዙት በጥንቃቄ ነው። ዕጣኗ ቁንጥር ታህላለች፤ መስኮቱ በታኅሣሥ ብርድም ይከፈታል። አከራዮቻችን ደግ ሰዎች ናቸው፣ በእነሱ አልፈርድም። የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 6 ላይ እግዚአብሔርን ከፍ ባለ ዙፋን ተቀምጦ ያየዋል። ሱራፌል ስድስት ስድስት ክንፍ አላቸው፤ በሁለቱ ፊታቸውን፣ በሁለቱ እግራቸውን ይሸፍናሉ፣ በሁለቱ ይበርራሉ። "ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ" ይላሉ። ከድምፃቸው የተነሣ የመድረኩ መሠረት ይናወጣል፣ "ቤቱም ጢስ ሞላበት" ይላል። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ በልባቸው ምን ይሥሉ ይሆን? ለእነሱ ጢስ ማለት አደጋ ነው።

ባለፈው ኅዳር እናቴን ልጠይቅ ደሴ ሄድኩ። ኮምቦልቻ ከአውሮፕላን ስወርድ ፀሐይ ነበር። የሐረጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር ግን ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያል። ጦሳ ተራራ ከነአናቱ ጠፍቶ ነበር። ቤት የገባሁት ኅዳር 23 ማታ ነው። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ እናቴ፣

"ነገ ካህናተ ሰማይ ነው፤ ሌሊት እንወጣለን" አለችኝ።

"ስንት ሰዓት ያልቃል?"

"ምኑ?"

"ቅዳሴው።"

"እስኪያልቅ ነዋ፣ ልጄ።"

ጥያቄዬ አልገባትም። እኔ ደግሞ መልሷ እስኪገባኝ ሌሊቱ ሁሉ አስፈለገኝ።

ሌሊት 9 ሰዓት ወጣን። የደሴ የኅዳር ብርድ አጥንት ሰብሮ ነው የሚገባው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከላይ ጋቢ ደርባ፣ ከእኔ ፈጥና ትራመዳለች። ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ካህናቱ ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ ቆመዋል። መቋሚያው ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ጸናጽሉ በጣም ለስላሳ ነው። ከዚያ ከበሮው ይገባል። መጀመሪያ እንደ ልብ ትርታ ነው፤ እየቆየ ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይከተላል፣ እልልታው ይነሣል። ከኋላ የቆሙ አንዲት አሮጊት ግንባራቸውን መሬት እያስነኩ ይሰግዳሉ። ቁጥሩን ማንም አይቆጥርላቸውም። ሊነጋጋ ሲል ከሸዋ በር በኩል አዛን ተሰማ። ደሴ ስትነጋ እንዲህ ነች። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ለፈጣሪ ብሎ የነቃ ሰው አለ። ይህን ድምፅ ኮሎኝ ሆኜ ስንት ጊዜ እንደናፈቅሁት!

ኅዳር 24 ሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ የሚታሰቡበት ቀን ነው። ዮሐንስ በራእዩ ምዕራፍ 4 ላይ ያያቸዋል። ዙፋን አለ፣ መረግድ የመሰለ ቀስተ ደመና ዙሪያውን ከብቦታል፣ ፊቱ ብርሌ የመሰለ ባሕር ተዘርግቷል። በዙፋኑ ዙሪያ ሃያ አራት ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው፣ የወርቅ አክሊል ደፍተው ተቀምጠዋል። አራቱ እንስሳ ቀንና ሌሊት "ቅዱስ" ከማለት አያርፉም። ሽማግሌዎቹም ይወድቁና አክሊላቸውን ከዙፋኑ ፊት ይጥላሉ። በምዕራፍ 5 ላይ ዕጣን የሞላበት የወርቅ ዕቃ ይዘዋል፤ ያም ዕጣን የቅዱሳን ጸሎት ነው ይላል። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት አባታችን ተክለ ሃይማኖት ሃያ አምስተኛ ሆነው ከእነሱ ጋር አጥነዋል። ደሴ ላይ ቆሜ ይህ ታሪክ ሲተረክ ልቤን የነካው ሌላም ነገር አለ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከአባ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር ተቀምጠው የተማሩት ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ከደሴ ሰሜን፣ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ መንገድ። ከሰማይ ካህናት ጋር ያጠኑት አባት የእኛን ሐይቅ ውኃ ጠጥተዋል።

ዮሐንስ ያን ሁሉ ከማየቱ በፊት መጀመሪያ ያየው "በሰማይ የተከፈተ ደጅ" ነው። ደጅ የሚለው ቃል ላይ ቆምኩ። ለእኛ ደጅ መዝጊያና መቃን ብቻ አይደለም። የተበደለ ሰው ንጉሥ ጋ ሄዶ ደጅ ይጠና ነበር። ቀኑ አይታወቅም። ይጠራ አይጠራ አይታወቅም። ነጠላውን ወገቡ ላይ አሸርጦ፣ አደግድጎ ይቆማል። ሳይጠራ ቢመሽ ነገም ይመጣል። ግሸን ማርያም መስከረም 21 ለመድረስ በደሴ በኩል የሚያልፈውን ሕዝብ ጠይቁት፤ "ደጅ ልጠና ነው" ይላችኋል። ልመናዬን ተቀብዬ እመለሳለሁ አይልም። ደጅ መጥናት ራሱ ሥራ ነው። ቀን የቆረጠው ለጉዞው ነው፤ ለመልሱ ግን ቀን አልቆረጠም።

ሱራፌል ፊታቸውን በክንፋቸው የሚሸፍኑት ለምን እንደሆነ ደሴ ያደገ ሰው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ትልቅ ሰው ፊት ነጠላ ከፍ ብሎ አፍ ሲሸፍን አይቷል። ከተማው መሐል የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ቆሟል። ማንንም አይጠየፍም፣ ሁሉን ያስተናግዳል ማለት ነው ስሙ። በልጅነቴ በአጠገቡ ሳልፍ ውስጡ ስንት ሰው አደግድጎ ቆሞ እንደነበር አስብ ነበር። ንጉሥ ሚካኤል ዘውድ የጫኑት በግንቦት 1906 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት 1909 ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። ሁለት ዓመት ተኩል አልሞላም። አዳራሹ አለ፣ ዙፋኑ የለም።

ኢሳይያስም ራእዩን የሚጀምረው "ንጉሡ ዖዝያን በሞተበት ዓመት" ብሎ ነው። ዖዝያን 52 ዓመት ነግሦ ነበር። ዕድሜ ልኩን ሌላ ንጉሥ ያላየ ሰው ብዙ ነበር ማለት ነው። ይኸው ዖዝያን በኃይሉ ታብዮ ጽና ይዞ ሊያጥን ቤተ መቅደስ ቢገባ ግንባሩ ላይ ለምጽ ወጣበት። ዕጣን በጉልበት አይታጠንም። የምድሩ ዙፋን ባዶ በሆነበት ዓመት ነው ነቢዩ የማይናወጠውን ዙፋን ያየው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ገባ። ስልክ ተቋረጠ። እኔ ኮሎኝ ነበርኩ። በቀን ሠላሳ ጊዜ የእናቴን ቁጥር እደውላለሁ፣ አይሠራም። ሌሊት አልተኛም። እሑድ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ አልቅሻለሁ፤ ጸልያለሁ ብዬ ግን አልዋሽም። ልቤ የቆመው ዙፋን ፊት ሳይሆን ስልኬ ፊት ነበር። መስመሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሰማሁት "አብሽር፣ አለሁ" የሚለውን ድምፅ ነው። የዚያን ጊዜውን ኅዳር 24 እንዴት እንዳሳለፈችው የነገረችኝ ግን አሁን ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ቡና እያፈላች።

"መውጣት ፈራሁ" አለች። "በሩን ቀረቀርኩ። የቀረችኝን ከሰል አያያዝኩና ዕጣን ጣል አደረግሁባት። ወደ ምሥራቅ ዞሬ ቆምኩ። ዛሬ እነሱ ሰማይ ላይ ያጥናሉ፣ እኔም እዚህ አብሬያቸው ነኝ አልኩ። የማውቃትን ደግሜ ደግሜ አልኳት።"

"ምኗን?"

"ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስን ነዋ።"

ሙስሊሟ ጎረቤታችን ዕጣኑ ሸቷቸው በግድግዳው በኩል "አለሽ?" ብለው ተጣሩ። "አለሁ" አለች። "አብሽሪ፣ አላህ አለ" አሏት። ሁለቱ ሴቶች በግድግዳ ተለያይተው እስኪነጋ ተጠባበቁ።

ደሴ ከርሜ ስመለስ ይህን ጽሑፍ ልጽፍ አስቤ ነበር። አገር ቤት ደጅ ጥናት፣ ውጭ አገር ተርሚን፤ ያኛው ጥሩ፣ ይሄኛው መጥፎ ብዬ። እንዲያ ብጽፈው እውነቱን አጎድለው ነበር።

አንደኛ፣ የኮሎኝ ካቴድራል አለ። በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ። 157 ሜትር ወደ ሰማይ የወጣ ድንጋይ ነው። መሠረቱ የተጣለው በ1248 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ ሐይቅ ላይ ደቀ መዛሙርት በሚያፈሩበት ዘመን። ተጠናቅቆ ያለቀው በ1880 ነው። 632 ዓመት! መሠረቱን የጣሉት ሰዎች ጣሪያውን እንደማያዩ ያውቁ ነበር። መቼ ያልቃል ብለህ ብትጠይቃቸው፣ እንደ እናቴ "እስኪያልቅ ነዋ" ይሉህ ነበር። ይህ አገር ደጅ መጥናት የማያውቅ አገር አልነበረም። ዛሬ ውስጡ የሚገባው አብዛኛው ሰው ካሜራ ይዞ ነው፤ ግን አንድ ጥግ ላይ ጧፍ አብርቶ ዝም ብሎ የሚቆም ሰው አይጠፋም። እኔም አልፎ አልፎ ከሥራ ስወጣ እገባለሁ።

ሁለተኛው ሕዝቅኤል ነው። እሱም እንደኛ ስደተኛ ነበር፤ እንዲያውም ምርኮኛ። ቤተ መቅደሱ ኢየሩሳሌም ነው፣ እሱ ባቢሎን ነው። በኮቦር ወንዝ አጠገብ ከምርኮኞች መካከል ሳለ ሰማያት ተከፈቱ ይላል። ያየው ዙፋን ሰንፔር ይመስላል። ከዙፋኑ በታች ካሉት አራት እንስሶች አጠገብም መንኰራኵር አለ፣ በመንኰራኵር ውስጥ መንኰራኵር። ያን ክፍል ስንት ጊዜ ሰምቼው አልገባኝም ነበር። ዙፋን መንኰራኵር ምን ያደርግለታል? አሁን ሳስበው ለምርኮኛ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምሥራች የለም። ዙፋኑ መንገድ ያውቃል። ዮሐንስም ቢሆን ያየው ፍጥሞ በምትባል ደሴት በግዞት ሆኖ ነው። እናቴም ያጠነችው በተቀረቀረ ቤት ውስጥ ነው።

ስለዚህ የኪራይ አዳራሹን አላማም። አራት ሰዓቱንም አላማም። የራሴን ዓይን ነው የምወቅሰው።

ስመለስ እናቴ ዕጣን በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቅዳሜ ማታ ለካህናችን አደረስኳቸው። አሸተቱትና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሑድ ሰዓቴን ፈትቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ግድግዳው ላይ ያለው እንዳይታየኝ ከምሰሶው ጀርባ ቆምኩ። ዲያቆኑ "እለ ትነብሩ ተንሥኡ" አለ፣ የተቀመጣችሁ ተነሡ። 150 ኪሎ ሜትር ነድተው የመጡ እናቶች ወንበር ተደግፈው ተነሡ። "ውስተ ጽባሕ ነጽሩ" አለ፣ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። በአዳራሻችን ምሥራቅ ማለት የአደጋ ጊዜ መውጫው በር ነው፤ ከላዩ አረንጓዴ መብራት አለ። ሁላችንም ወደዚያ ደጅ ዞርን።

ሰዓታችን ሞልቶ ምንጣፍ ስንጠቀልል የሚቀጥለው መርሐ ግብር ሰዎች መምጣት ጀመሩ። አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት በሩ ላይ ቆመው አየሩን ሳቡ። ምን እንደሚሸት ጠየቁኝ። ዕጣን መሆኑን ነገርኳቸው። እናቴ ከአገሬ የላከችው ነው አልኩ። ከዚያ ቃል አጣሁና "ጸሎት ነው" አልኳቸው በጀርመንኛ። አዳራሹን በዓይናቸው ዞሩት። ወንበር አቀረብኩላቸው። አልተቀመጡም።