እርማት፦ ሉዌገርን የመረጠው ሕዝቡ በቀጥታ አይደለም

በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የኦስትሪያ ዋና ከተማ የቪየና ከንቲባ ስለሆነው ፖለቲከኛ የሚነገረው «የቪየና ሕዝብ ካርል ሉዌገርን በቀጥታ ድምፅ አምስት ጊዜ መረጠው፣ ንጉሠ ነገሥቱ አራት ጊዜ ሻረው» የሚለው ሁለት ቦታ ላይ ይስተካከል። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከንቲባውን የሚመርጠው 138 አባላት ያሉት የከተማው ምክር ቤት ነበር። ምክር ቤቱን የሚመርጡት ወንዶች ደግሞ በሚከፍሉት ግብርና በማዕረጋቸው በሦስት መደብ ተከፍለው፣ እያንዳንዱ መደብ 46 ወንበር ነበረው። ጥቂቶቹ ሀብታሞች ከብዙኃኑ ነጋዴና የእጅ ባለሙያ እኩል ወንበር ያገኙ ነበር ማለት ነው። አብዛኛው ሠራተኛ ጭራሽ ድምፅ አልነበረውም፤ አራተኛ መደብ የተጨመረው በ1900 ነው፣ እሱም 20 ወንበር ብቻ።

አሁን ወደ ሽረቱ። በግንቦት 1895 ሲመረጥ ብልጫው ጠባብ ስለነበር ራሱ ሉዌገር አልቀበልም አለ። በጥቅምት እንደገና ተመረጠ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ፍራንዝ ዮሴፍ ሹመቱን አላጸድቅም ያሉት ያኔ ነው። ኅዳር 13 ምክር ቤቱ መልሶ ሲመርጠው መንግሥት ምክር ቤቱን በተነ። በሚያዝያ 1896 ለአራተኛ ጊዜ ቢመረጥም፣ ንጉሠ ነገሥቱ አስጠርተው ካነጋገሩት በኋላ ራሱን አገለለ፤ ዮሴፍ ሽትሮባህ ከንቲባ፣ እሱ ምክትል ሆኑ። ለአምስተኛ ጊዜ ተመርጦ ሹመቱ የጸደቀለት ሚያዝያ 16 ቀን 1897 ነው።

ይህን «የሕዝብ ጀግና» ታሪክ አድርጎ ማቅረብ ሌላም ነገር ይሸፍናል፦ በ1874 የጥብቅና ቢሮ የከፈተው ይህ ሰው ድጋፉን ያሰባሰበው በአይሁድ ጥላቻ ቅስቀሳ ጭምር ነው።